ከቤት ውጭ የምትቀመጥ ጀልባ ምን ትልበስ? የዘላቂ ሽፋን አመራረጥና ሳይንሱ

በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት መኪኖች «10,000 ሐይቆች» የሚል መጠሪያ በሰሌዳቸው ላይ ይዘው ይጓዛሉ። በዚያ ግዛት በመኖሪያ ቤቶች ጓሮ፣ በተሳቢ ላይ የተጫነች ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ማየት የተለመደ ነው። በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በስቶክሆልም ወይም በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪም ያገለገለች ጀልባ ከጎረቤት ገዝቶ የዕረፍት ቀኑን ከልጆቹ ጋር በውኃ ላይ ማሳለፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ጀልባዋ ከተገዛች በኋላ ግን ብዙዎች ዘግይተው የሚያስቡት አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም ጀልባዋ በማትንሳፈፍበት ጊዜ ምን ለብሳ ትቆማለች የሚለው ነው።

የጥያቄውን ክብደት ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ቤተሰብ በዓመት 20 ቀን ጀልባውን ቢጠቀም ጀልባዋ የቀሩትን 345 ቀናት ቆማ ታሳልፋለች። ስለዚህ የትንሽ ጀልባን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው በሐይቁ ላይ የሚገጥማት ማዕበል ሳይሆን በጓሮ ውስጥ የሚወርድባት ፀሐይ፣ ዝናብ፣ በረዶና ጤዛ ነው። ጥቅምት ላይ በርካሽ ላስቲክ ተጠቅልላ የተተወች ጀልባ ሚያዝያ ላይ ስትገለጥ መቀመጫዎቿ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍነው፣ የእንጨት ወለሏ ሲረገጥ የሚሰረጉድ ሆኖ፣ በሆዷም አረንጓዴ ውኃ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ጊዜ ወለሉን ለማሳደስና መቀመጫውን ለመቀየር የሚጠየቀው ገንዘብ ለጥሩ ሽፋን ሊወጣ ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ ወይም በኢንተርኔት ገበያ የሚቀርቡት ሽፋኖች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም «ጠንካራ»፣ «ውኃ የማያስገባ» እና «ፀሐይ የማይበግረው» ተብለው ይሸጣሉ። ከቃላቱ ጀርባ ያለውን እውነት ለመለየት ፀሐይ፣ ውኃና ነፋስ በጨርቅ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፀሐይ ጨርቅን እንዴት ትበላለች?

ዛሬ ለጀልባ ሽፋን የሚውሉት ጨርቆች በሙሉ ለማለት ይቻላል ከፖሊመር የተሠሩ ናቸው። ፖሊመር ማለት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሺህዎች ትናንሽ ሞለኪውሎች የፈጠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የጨርቁ ጥንካሬ የሚመነጨው ከእነዚህ ሰንሰለቶች ርዝመት ነው። ሰንሰለቶቹ ሲቆራረጡ ጨርቁ ለዓይን ያው ጨርቅ ሆኖ ቢታይም ሲጎተት ይቀደዳል፤ ሲታሽም እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል።

ቆራጩ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከፀሐይ ተነሥቶ ወደ መሬት ወለል የሚደርሰው የዚህ ጨረር ክፍል የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ290 እስከ 400 ናኖሜትር ነው። የ300 ናኖሜትር ጨረር በአንድ ሞል 400 ኪሎጁል ያህል ኃይል ይሸከማል፤ ሁለት የካርቦን አቶሞችን አስተሳስሮ የሚይዘው ነጠላ ትስስር ደግሞ 350 ኪሎጁል ገደማ ሲደርስበት ይበጠሳል። ስለዚህ ጨረሩ የፖሊመሩን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚያስችል በቂ ጉልበት አለው ማለት ነው። የተበጠሰው ጫፍ ከአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ አዳዲስ ጠበኛ ሞለኪውሎች ይፈጠሩና አጠገባቸው ያሉትን ሰንሰለቶች ያጠቃሉ። ጉዳቱ አንዴ ከተጀመረ ራሱን እያባዛ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል።

ሆኖም ጨረሩ ጉዳት የሚያደርሰው ፖሊመሩ ከዋጠው ብቻ ነው። ሳይዋጥ የሚያልፍ ወይም የሚንጸባረቅ ጨረር ትስስር አይበጥስም። በጨርቆች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚነሣው ከዚህ ነው፤ አንዳንዱ ፖሊመር በተፈጥሮው ጨረሩን አብዝቶ ይውጣል፣ ሌላው ደግሞ ችላ ይለዋል።

አምስቱ የተለመዱ አማራጮች

የመጀመሪያውና ርካሹ በኢትዮጵያ ገበያም «ሸራ» ወይም «ላስቲክ» እየተባለ የሚታወቀው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው የፖሊኤቲሊን ሽፋን ነው። ከጠፍጣፋ የፖሊኤቲሊን ጥብጣቦች ተሸምኖ በሁለቱም ፊት በስስ ፕላስቲክ ይለበጣል። አዲስ ሲሆን አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ነገር ግን ከጨረር የሚከላከል ቅመም በበቂ መጠን ካልተጨመረበት በጠንካራ ፀሐይ ሥር በወራት ውስጥ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። የሚረግፈው ስብርባሪም የትም አይጠፋም፤ በነፋስና በጎርፍ ተወስዶ ባለቤቱ ዓሣ ወደሚያጠምድበት ሐይቅ ይገባል። ለሁለት ሳምንት መጠለያነት የሚያገለግል ዕቃ ነው እንጂ ለዓመታት የሚታመን ልብስ አይደለም።

ሁለተኛው የጥንቱ የጥጥ ሸራ ነው። የጥጥ ክር ሲረጥብ ያብጣል፤ በክሮቹ መካከል ያለውም ክፍተት ይጠባል፤ በዚህም ሸራው ውኃን ይገታል። አየርም በደንብ ያስተላልፋል። ድክመቱ ጥጥ የተሠራበት ሴሉሎስ የሻጋታ ምግብ መሆኑ ነው። በየጊዜው ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ሲረጥብ ይከብዳል፤ እየታጠበና እየደረቀ ሲሄድም ይኮማተራል።

ሦስተኛው ፖሊስተር ነው። ይህን ክር እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪታንያ የፈለሰፉት ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን የተባሉ ኬሚስቶች ናቸው። ፖሊስተር ለመቀደድም ሆነ በፍትጊያ ለመሳሳት በቀላሉ የማይበገር፣ ውኃም እምብዛም የማይጠጣ ክር ነው። የጨረር ተጋላጭነቱ ግን ከአክሪሊክ ይብሳል፤ ምክንያቱም በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት ቀለበታዊ ሞለኪውሎች አጭር ሞገድ ያለውን የአልትራቫዮሌት ክፍል አጥብቀው ይውጣሉ። በመሆኑም የፖሊስተር ሽፋን ጥራት የሚወሰነው በተጨመረለት መከላከያና በማቅለሚያ ዘዴው ነው።

አራተኛው አክሪሊክ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ይህ መስታወት መሰሉ ጠንካራ አክሪሊክ ሳይሆን ከፖሊአክሪሎናይትራይል የሚፈተል ለስላሳ ክር ነው። ከተለመዱት የጨርቅ ክሮች ሁሉ የፀሐይን ጨረር በመቋቋም ቀዳሚ ከሚባሉት ይመደባል፤ አየርም ያስተላልፋል። ለጀልባ የሚውለው በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንዳንድ አምራቾችም እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ዋስትና ይሰጡለታል። ድክመቱ ፍትጊያን አለመውደዱ ነው። በመስታወት ጠርዝ ወይም በብረት ማሰሪያ ላይ እየታሸ ከቆየ ከፖሊስተር ቀድሞ ይቀደዳል። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

አምስተኛው ቪኒል ነው፤ የፖሊስተር ጨርቅ በፒቪሲ ተለብጦ ይሠራል። ውኃን በፍጹም አያሳልፍም፤ ችግሩ አየርንም አለማሳለፉ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ማለስለሻ በሙቀት ቀስ በቀስ እየተነነ ሲያልቅ ሽፋኑ ይደርቃል፤ በብርድ ወራት ሲታጠፍም ይሰነጠቃል።

ቀለሙ ከየት ገባ?

ሁለት ሽፋኖች በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ሆነው፣ በዓመታቸው ግን አንዱ ነጥቶ ሌላው ደምቆ የሚገኝበት ምክንያት አለ። ርካሽ ጨርቅ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ይቀለማል። የተሻለው ደግሞ ክሩ ገና ፈሳሽ ፖሊመር ሳለ የቀለም ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈተለው። ልዩነቱ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ በተቁላላ በርበሬና ወጡ ከበሰለ በኋላ ከላይ በተነሰነሰ በርበሬ መካከል እንዳለው ያለ ነው። አብሮ የተቁላላው ከወጡ አይለይም።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በክሩ ውስጥ የተሠራጨው የቀለም ዱቄት ጨረሩን ፖሊመሩ ሳይውጠው ቀድሞ ይይዘዋል። በተለይ ጥቁር ካርቦን ለዚህ የታወቀ መከላከያ ነው። ጥቁር ቀለም ግን ሙቀትንም ይሰበስባል፤ ስለዚህ በሞቃት አገር ለክሩ የሚጠቅመው ለሽፋኑ ሥር የማይስማማበት ጊዜ አለ። መካከለኛ ግራጫ ወይም የአሸዋ ቀለም ብዙ ጊዜ አስታራቂ ምርጫ ይሆናል።

ገዢዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር «ዲኒየር» የሚባለው ቁጥር ነው። 600 ዲኒየር ማለት የክሩ 9,000 ሜትር 600 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ የክሩን ውፍረት ይናገራል እንጂ ፀሐይን ስለመቋቋሙ የሚናገረው ነገር የለም። መከላከያ የሌለው 1,200 ዲኒየር ፖሊስተር በአግባቡ ከተቀለመ 600 ዲኒየር ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። ስለሆነም ገዢው ከቁጥሩ በፊት «ቀለሙ የተጨመረው ከመፈተሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ከላይ የሚመጣው ውኃና ከሥር የሚመጣው ውኃ

ብዙ ሰው ሽፋን ሲገዛ የሚያስበው ዝናብን ነው። ጀልባን ከውስጥ የሚያበሰብሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ሥር የታፈነው እርጥበት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እርጥበት የሞላው አንድ ሜትር ኩብ አየር 23 ግራም ያህል የውኃ እንፋሎት ይይዛል። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ያው አየር ሊይዝ የሚችለው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ትርፉ ጤዛ ሆኖ በሽፋኑ የውስጥ ፊት፣ በመቀመጫውና በሞተሩ ላይ ይወርዳል። 5 ሜትር በምትረዝም ጀልባ ሽፋን ሥር 6 ሜትር ኩብ አየር አለ ቢባል በአንድ ሌሊት የሚወርደው 80 ግራም ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። ነገር ግን መውጫ ካላገኘ በማግሥቱ ፀሐይ ተንኖ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። በጀልባዋ ሆድ ጥቂት ውኃ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ መቼም አያልቅም። ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ይህን ሐቅ የጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከውኃ ሲወጣ እንዲደርቅ ዳር ላይ ይቆማል። ሳይደርቅ ደጋግሞ ውኃ የገባ ታንኳ እየከበደ ሄዶ ይበሰብሳል። ታንኳው ዕድሜ የሚያገኘው ጨርሶ ባለመርጠቡ ሳይሆን ከረጠበ በኋላ የመድረቂያ ጊዜ በማግኘቱ ነው። የፋይበርግላስና የእንጨት ጀልባም ከዚህ ሕግ አይወጣም።

በመሆኑም ውኃ በፍጹም የማያሳልፍ ጨርቅ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ስሕተት ነው። አክሪሊክና አየር የሚያስተላልፍ ፖሊስተር የዝናብ ጠብታን ከላይ ያንከባልላሉ፤ እንፋሎቱን ግን በክሮቹ መካከል ያስወጣሉ። ቪኒል ወይም ላስቲክ የመረጠ ሰው ከፊትና ከኋላ የአየር መተንፈሻ ማስገጠም ይኖርበታል። መተንፈሻዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ አየር ካላስገባ ሌላው አያስወጣምና።

ከጎጆ ክዳን የሚገኝ ትምህርት

የሣር ክዳን በባሕርዩ ውኃ የማያሳልፍ ነገር አይደለም። ቤቱን የሚያደርቀው ተዳፋትነቱ ነው፤ ጠብታው ለመስረግ ጊዜ ሳያገኝ ቁልቁል ይወርዳል። አየር የሚያስተላልፍ የጀልባ ሽፋንም በዚሁ መርሕ ይሠራል። ከመካከሉ በምሰሶ ወይም በቅስት ተደግፎ፣ ወደ ሁለቱም ጎን ማዘንበል አለበት።

ድጋፍ የሌለው ሽፋን ዝናብ ሲወርድበት መካከሉ ይሰረጉዳል። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና በአማካይ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 50 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱ ጨርቁን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ጨርቅ ተጨማሪ ውኃ ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም ስፌቱ ይተረተራል ወይም ውኃው ጨርቁን አልፎ ይንጠባጠባል። በረዶ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። አዲስ የወረደ ስስ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ያህል፣ እርጥብ በረዶ ደግሞ 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። 10 ካሬ ሜትር በሆነ ሽፋን ላይ 20 ሴንቲሜትር እርጥብ በረዶ ቢቆለል 600 ኪሎ ጭነት ነው። ይህን የሚሸከመው ጨርቁ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ድጋፍ ነው። በዓመት ከ1 ሜትር በላይ በረዶ በሚወርድበት እንደ ሚኒያፖሊስ ባለ ከተማ በረዶውን በለስላሳ መጥረጊያ ቶሎ ቶሎ ማራገፍ የግድ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ልማድ አለ፤ ጀልባዋ የምትቆመው ፊቷ ከኋላዋ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዋ ውታፍም ተነቅሎ ነው። በሽፋኑ ያለፈ ውኃ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ይህ ካልሆነና ውኃው በውስጧ ከረጋ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቱቦዎችንና መጋጠሚያዎችን ይሰነጥቃል። የተነቀለውን ውታፍ በመሪው ላይ ማሰር ጠቃሚ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሳይመለስ ጀልባዋ ውኃ ውስጥ እንዳትገባ ያስታውሳል።

ነፋስ፣ ልክና ስፌት

የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ባገኘው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የ25 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል። ሽፋኑ ልኩ ካልሆነ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያርገበግበዋል፤ በአንድ ሌሊት ሺህ ጊዜ የተርገበገበ ጨርቅ ደግሞ ራሱ ይሳሳል፣ የጀልባዋንም ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ስለዚህ ሰፊ ሽፋን «ለማንኛውም ይበቃል» ተብሎ አይገዛም። ሲለካ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ያለው ሙሉ ርዝመት ይወሰዳል፤ ሞተሩም የሚሸፈን ከሆነ በልኩ ውስጥ ይገባል። ስፋቱ የሚለካው ጀልባዋ በጣም ከምትሰፋበት ቦታ ነው። ከፍ ያለ የፊት መስታወትና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መያዣ ካለ ለሰፊው አስቀድሞ መነገር አለበት። ሽፋኑ በተሳቢው ሥር በሚያልፉ ጠፍሮች ይወጠራል። ከጠርዙ ላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ማንጠልጠል ግን አደገኛ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው የጀልባዋን ጎን ይደበድባል። በአሸዋ የተሞላ ለስላሳ ከረጢት ይሻላል።

ጨርቁ ሹል ነገር በሚነካበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በመስታወቱ ጫፎች፣ በገመድ ማሰሪያ ብረቶችና በምሰሶው አናት ላይ፣ ድርብ ጨርቅ ወይም የቪኒል ንጣፍ መሰፋት አለበት። የአክሪሊክ ሽፋን ድክመት የሚሸፈነው በዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ቀድሞ የሚያረጀው ግን ክሩ ነው። 10 ዓመት ሊቆይ የሚችል አክሪሊክ በፖሊስተር ክር ይሰፋና በጠንካራ ፀሐይ ሥር ክሩ ከጨርቁ አስቀድሞ ይበጣጠሳል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በተለምዶ ቴፍሎን ከሚባለው ቁስ የተሠራ ክር ነው። ይህን ቁስ ሮይ ፕለንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 በአጋጣሚ አገኘው። በውስጡ ያለው የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጽኑ ስለሆነ የፀሐይ ጨረር አይበጥሰውም። ዋጋው ከፖሊስተር ክር በብዙ ይበልጣል፤ ነገር ግን ለአንድ ሽፋን የሚፈጀው ክር ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱ ሽፋኑን ሁለተኛ ጊዜ ለማሰፋት ከሚከፈለው የእጅ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። ዚፕ ካለውም የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ይመረጣል፤ በላዩም ከፀሐይ የሚከልለው ጨርቅ መደረብ ይኖርበታል። በጨው ውኃ አካባቢ ተራ ብረት ይዝጋልና ቀለበቶቹና ቁልፎቹ ከማይዝግ ብረት ወይም ከነሐስ ቢሆኑ ይመረጣል።

አገሩን የመሰለ ምርጫ

ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ሽፋን የለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀዳሚው ጠላት ፀሐይ ነው፤ በበጋ የአልትራቫዮሌት መለኪያው «እጅግ አደገኛ» ከሚባለው ከ11 በላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ አቧራና የባሕር ዳርቻው የሌሊት እርጥበት ይጨመራሉ። በዚያ ለሚኖር ሰው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው አክሪሊክ በቴፍሎን ክር የተሰፋ ይስማማል። ቪኒል ግን በሙቀቱ ማለስለሻው ቶሎ ያልቅበታል።

በሲያትል ፀሐዩ ለስላሳ፣ ዝናቡ ግን ተደጋጋሚና ረጅም ነው። ዋናው ጭንቀት የሚሆነው ሻጋታና ሽበት ስለሆነ አየር ማስተላለፍና ተዳፋት ከሁሉ ይቀድማሉ። በሚኒሶታና በስዊድን ደግሞ በረዶ ስላለ ጠንካራ ድጋፍና መቀደድን የሚቋቋም ፖሊስተር ሚዛን ይደፋሉ። በተሳቢ ተጎትታ ብዙ መንገድ የምትጓዝ ጀልባም በአውራ ጎዳና ላይ የሚገጥማት ነፋስ ብርቱ ነውና ከአክሪሊክ ይልቅ በልኩ የተሰፋ ፖሊስተር ይሻላታል።

ዋጋውን በዓመት ማካፈል

ርካሹ ሽፋን ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው ዋጋው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሲካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል 60 ዶላር የተገዛ ላስቲክ አንድ ዓመት ቢያገለግል በ10 ዓመት 600 ዶላር ይፈጃል። 250 ዶላር የተገዛ ፖሊስተር አምስት ዓመት ቢቆይ በዓመት 50 ዶላር ይሆናል። 700 ዶላር የወጣበት፣ በልኩ የተሰፋ አክሪሊክ 10 ዓመት ቢቆይ በዓመት 70 ዶላር ነው። አሃዞቹ ለማስረጃ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰው በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ስሌቱ እንደሚያሳየው በዓመት ሲታዩ ሦስቱ ያን ያህል አይራራቁም። የሚራራቁት ከሽፋኑ ሥር ባለችው ጀልባ ላይ በሚያስከትሉት ውጤት ነው። የብዙ ሺህ ዶላር ንብረት በ60 ዶላር ላስቲክ መጠበቅ ቁጠባ አይባልም።

እንክብካቤና ጥንቃቄ

ጥሩ ሽፋንም ካልተያዘ ይበላሻል። አቧራ፣ የወፍ ኩስና የወደቀ ቅጠል ሲከማቹ ሻጋታ የሚመገበው ነገር ያገኛል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጠረግና ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ አለባቸው። ሽፋኑ በፀሐይና በአየር ይደርቃል እንጂ በማድረቂያ ማሽን አይገባም። እርጥብ እንዳለ ታጥፎ መቀመጥም የለበትም። ከጊዜ በኋላ ጠብታ መንከባለሉን ትቶ ወደ ጨርቁ መስረግ ከጀመረ ጨርቁ አረጀ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ውኃ የሚገፋው ቅባት ታጥቦ ስላለቀ እንደገና መቀባት ብቻ ይበቃዋል። ቀድሞ ለዚህ ይውሉ የነበሩ አንዳንድ የፍሎሪን ውሑዶች በአካባቢ ላይ ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ በአውሮፓና በአሜሪካ ቁጥጥሩ እየጠበቀ ነው፤ ከእነርሱ ነጻ የሆነውን መምረጥ ይቻላል።

ከገንዘብ በላይ የሆነ ጉዳይም አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በተሸፈነች ጀልባ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽፋኑ እንደተነሣ ሞተር ማስነሣት ወይም ባትሪ ማገናኘት በአንዲት ብልጭታ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጀልባዋ መጀመሪያ በደንብ ልትናፈስ ይገባል። ሽፋኑ ሳይገለጥ ሞተር ማስነሣትም ክልክል ነው፤ ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ጀልባቸውን ለክረምት በእሳት ሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ የሚያስጠቀልሉ ሰዎችም ሥራውን ለባለሙያ ቢተዉት ይመረጣል። ነዳጅ ባለበት ዕቃ አጠገብ የጋዝ ነበልባል መያዝ ልምድ ይጠይቃል። ይህ ፕላስቲክ የሚያገለግለው ለአንድ ክረምት ብቻ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

ሽፋን የሚገዛ ሰው እንግዲህ አምስት ነገሮችን ጠይቆ ቢወስን አይሳሳትም፦ ጨርቁ ከምን ተሠራ? ቀለሙ መቼ ገባ? አየር ያስተላልፋል ወይስ መተንፈሻ አለው? በምን ክር ተሰፋ? ከሥሩስ ምን ይደግፈዋል? ሻጩ ትንሽ ናሙና ከሰጠ ደግሞ ሁለት ፈተናዎች በእጅ ይገኛሉ። ጨርቁን ወደ አፍ አስጠግቶ መንፋት አየር ማስተላለፉን ያሳያል፤ ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ ደግሞ ጠብታው መንከባለል አለመንከባለሉን ይገልጣል። ሁለቱንም ያለፈ ጨርቅ፣ በልኩ ተሰፍቶና በደንብ ተደግፎ ከተወጠረ፣ በሚያዝያ ወር ሲገለጥ ባለቤቱን የሚጠብቀው የሻጋታ ሽታ ሳይሆን ውታፏን መልሳ ወደ ሐይቁ ለመሄድ የተዘጋጀች ደረቅ ጀልባ ይሆናል።